ሞተሩ የሚችለውን ያህል

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩት ዋና መሐንዲስ፣ ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ስለ ጤንነቴ ስለጠየቅህ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህና ነኝ። ዓይኔም፣ ጉልበቴም፣ አመሌም እንደነበሩ ናቸው። እማዬ «ስልክ ላይ ስትጯጯሁ ጆሮዬ ደነቆረ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ተጻጻፉ» ብላ ስለፈረደችብን ይኸው ብዕር አነሳሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ርዕሰ መምህርት የነበረች ሴት ስትፈርድ ይግባኝ የለም።

«ስሌቱን አየሽው ወይ? ፊርማሽንስ መቼ ትልኪልኛለሽ?» ላልከው፣ አይቼዋለሁ። ፊርማዬን አልክም።

ስሌትህ ቆንጆ ነው። ወንበሩ በሁለት ጎማ ይቆማል፤ እንደ እማዬ መራመድ ያቃተውን ሰው ከተቀመጠበት አንስቶ የቆመ ሰው ዓይን ድረስ ከፍ ያደርገዋል፤ ሰውየው ወደ ፊት ዘንበል ሲል ጎማው ወደ ፊት ሮጦ ከሥሩ ይገባለታል። በጣም ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ሞተር። ወረቀትህ ላይ ያለው ሞተር ግፋ ሲሉት ይገፋል፤ እጥፍ ግፋ ሲሉት እጥፍ ይገፋል፤ መቶ እጥፍም ቢሉት እሺ ባይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ከየት ገዛህ? እኔም የምገፋው ብዙ አለኝና አድራሻውን ላክልኝ።

በቀላሉ ላስረዳህ። መጥረጊያ ገልብጠህ መዳፍህ ላይ አቁም። ሲያዘነብል እጅህን ታስከትላለህ። ትንሽ ካዘነበለ ትደርስበታለህ። ብዙ ካዘነበለ ግን እጅህ ከትከሻህ ተነቅሎ አይሮጥልህም፤ መጥረጊያው ይወድቃል። ሞተርም እንዲሁ ልክ አለው። ከልኩ በላይ ሲታዘዝ ያለውን ይሰጣል፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? በራሱ ለመውደቅ የሚቸኩል ነገር ደግሞ አንዴ ከአንድ ዝንባሌ ካለፈ፣ ልክ ያለው ሞተር በምንም ብልሃት አይመልሰውም። ይህን የምልህ ስለምንቅህ አይደለም። እንቅሃለሁ፤ ግን ይህን የምልህ እውነት ስለሆነ ነው።

የትኛውን ሞተር እንደገጠማችሁ ጻፍልኝ። እስከዚያው እማዬን እዚያ ነገር ላይ እንዳታወጣት።

እህትህ

ጥቅምት 15 ቀን

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራ ማለት አንድ ነገር ሲሠራ ማለት ነው፤ ምናልባት እናንተ ተቋም ውስጥ ካልታወቀ ብዬ ነው።

ስብከትሽን አነበብኩት። መጥረጊያው ቆንጆ ምሳሌ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችሽ ሳያጨበጭቡልሽ አልቀሩም። ብቻ አንቺ በጠመኔ የቆመ ነገር እንጂ በጎማ የቆመ ነገር ሠርተሽ አታውቂም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማንም አይወድቅም። አንቺም ወድቀሽ የማታውቂው ለዚህ ነው።

ስለ ሞተሩ ለጠየቅሽው፣ ትንሹን ነው የገጠምነው። ትልቁ ወንበሩን ያከብደዋል፣ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ባለፋብሪካውም «እኔ የምሸጠው ወንበር እንጂ ትራክተር አይደለም» ብሏል። ሞተሩን ራሴ መርጬዋለሁ። ሜዳ ላይ ስንፈትነው አንድም ቀን አላሳፈረንም።

እማዬን አታውጣት ላልሽው፣ ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ወጥታለች። መውጣት ብቻ! የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ባለፋብሪካው እንደ ልማዱ በራሷ ላይ አሻግሮ እኔን «ይመቻታል ወይ? አትፈራም?» እያለ ይጠይቀኛል። እማዬ ቁልፉን ተጫነች። ወንበሩ ቀስ እያለ ተነሳ። ተነሳ፣ ተነሳና ዓይኗ ከሰውየው ዓይን ጋር ሲገጥም አቆመችው። «አሁን እኔን ጠይቀኝ» አለችው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ሠራተኛው ሁሉ መፍቻውን ይዞ ቆሞ ቀረ። አንቺ ብትኖሪ ታለቅሺ ነበር። አይ፣ ተሳሳትኩ፤ አንቺ ብትኖሪ ዝንባሌውን ትለኪ ነበር።

እማዬ ስልክ ለምን አታነሳም ብለሽ በኋላ በላክሽው ካርድ ለጠየቅሽው፣ ስልኳ ተበላሽቶ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ። ደህና ናት። ወንበሩን ለሚፈቅዱት ተቆጣጣሪዎች ያሳየንበት ቀንም አልፏል፤ ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ይልቅ የእማዬ የጤና ካርድ አንቺ ጋ ነው የቀረው መሰለኝ። ቁጥሩን ቶሎ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 26 ቀን

ወንድሜ ሆይ፣

ከደብዳቤህ አስከትለህ የላክሃት ካርድ ደርሳኛለች። «የሞተሩ መግለጫ ይኸውልሽ። በአጭሩ ንገሪኝ፣ ይበቃል አይበቃም?» ብለሃል። በአጭሩ፣ አይበቃም። አጭር ነገር ስለምትወድ እዚህ ላይ ማቆም ትችላለህ። የቀረው ማንበብ ለሚችል ሰው ነው።

ሜዳ ላይ፣ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ትንሹ ሞተር ሰውን ይመልሳል። እዚህ ላይ አልዋሸህም። መቀመጫው ከፍ ባለ ቁጥር ግን ለዚያው ዝንባሌ የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ጨርሶ ከፍ ሲል፣ ሞተሩ ሊመልሰው የሚችለው አንድ ሰው ገበታ ላይ «ጨው አቀብሉኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ የሚያዘነብለውን ያህል ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከዚያችውም ላይ ቁልቁለቱ ግማሿን ይበላታል። ጨውም አይደረስበትም።

ሌላም አለ። የመቆጣጠሪያ ሳጥንህ ስህተትን እንዲያጠራቅም ተደርጎ ተሠርቷል፤ ያልተቃናች ዝንባሌ ሁሉ ትታሰብበታለች። ሞተሩ እስከቻለ ድረስ ይህ መልካም ጠባይ ነው። ሞተሩ አቅሙን ጨርሶ ሳለ ግን ሳጥኑ አሁንም «ጨምር፣ ጨምር» እያለ ቂም ይቋጥራል። ወንበሩ እንደ ምንም ብሎ ቀና ሲል ያንን ቂም በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሰውየውንም በተቃራኒው በኩል ይወረውረዋል። ተማሪዎቼ ይህን ስህተት በሁለተኛው ዓመት ይሠሩታል፤ በሦስተኛው ያፍሩበታል። አንተ ሸጥከው።

የሂሳቡ ነገር ይኸው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ሂሳብ ያልሆነውንም ልጠይቅህ። ስለ አዳራሹ አንድ ገጽ ሙሉ የጻፈ ሰው ስለ ትርኢቱ ቀን በአንድ መስመር ያለፈው ለምንድን ነው? የተበላሸ ስልክስ በጤና ካርድ ይጠገናል እንዴ?

ቁጥሩን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ ደግሞ ንገረኝ፤ ምኗ ነው የተሰበረው?

እህትህ

ኅዳር 3 ቀን

እትዬ፣

ክንዷ ነው። ቀኙ፣ ከክርኗ በላይ። ሐኪሙ ይገጥማል ብሏል። ፊቷም ተልጦ ነበር፤ እሱ ድኗል። ሳልነግርሽ ስለቀረሁ ይቅርታ። እንደምትጮኺ ስለማውቅ ነው። አንቺ ወረቀት ላይም ትጮኺያለሽ።

እንዴት ሆነ ላልሽው፣ እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። እማዬ ከአዳራሹ ወደ ግቢው በሚያወርደው የጋሪ መውረጃ ላይ፣ ከፍ እንዳለች፣ እንደ ንግሥት መጣች። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዷ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ልትጨብጣት እጇን ዘረጋች። እማዬም እጇን ዘርግታ ዘንበል አለችላት። ያኔ ነው።

መመሪያው ግን ግልጽ ነው፤ «ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ክልክል ነው» ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት። በጆሮዋም ነግሬያታለሁ። ልጅ ሁሉ ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ሲጽፍ በማስመሪያ ትመታ የነበረች ሴት የተጻፈላትን መመሪያ ብታከብር ምን ነበረበት?

ባለፋብሪካው ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል። «አደጋው የደረሰው ተጠቃሚዋ መመሪያውን በመተላለፏ ነው» ይላል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። ከመፍረድሽ በፊት አስቢበት። ካልፈረምኩ ተቆጣጣሪዎቹ ሥራውን ያስቆሙታል። ይህን ወንበር የሚጠብቁ እንደ እማዬ ያሉ ስንት ሰዎች አሉ መሰለሽ? አንቺ ስለ ዝንባሌ ነው የምታስቢው፤ እኔ ስለ ሰው አስባለሁ።

አንቺም አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ «መመሪያው ቢከበር ኖሮ ወንበሩ አይወድቅም ነበር» የምትል። ውሸት አይደለችም።

ወንድምሽ

ኅዳር 11 ቀን

ሰላምታ አልጽፍም። ለተዘረጋላት እጅ ዘንበል ያለች እናቱን ጥፋተኛ ናት ብሎ ሊፈርም ብዕር ላነሳ ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ አላውቅም።

አንድ መስመር ጠይቀኸኛል። ይኸውልህ። ወንበርህ የተሠራው ዘንበል ለማይል ሰው ነው፤ ዘንበል የማይል ሰው ደግሞ ሬሳ ነው፤ ሬሳ ወንበር አያስፈልገውም። ይህንን ከፈለግህ አስፍረውና ስሜን ከሥሩ ጻፍ።

ሞተሩ ያቃተውን በመመሪያ ልታስችለው ፈለግህ። ሞተርህ ትንሽ ሆነ፤ ታዲያ ጉድለቱን የተሸከመው ማን ነው? እግሯ የማይታዘዝላት ሴት። «አትዘንበይ» ብለህ በጆሮዋ ነገርካት! ባለፋብሪካውን አልወቅሰውም፤ ባርኔጣውን የሚያወልቀው እንኳ ሲያስደነግጡት ነው። አንተ ግን ተምረሃል። ቢያንስ ለማፈር የሚበቃ ትምህርት አለህ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። አንተ ማልቀሱም ቀርቶብህ የተቃጠለችውን ከሰስክ።

በወንበሩ የምትተማመን ከሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። እዚያው መውረጃ ላይ ውጣ። ከፍ በል። አንድ ሰው እጁን ይዘርጋልህና እማዬ ዘንበል ያለችውን ያህል ዘንበል በል። ካልወደቅህ ሪፖርቱን ፈርም፤ እኔም ካንተ ሥር እፈርማለሁ።

ከደብዳቤህ ግርጌ በእርሳስ ጽፈህ የፋቅኸው ጥያቄ ብርሃን ላይ ሲያዩት ይነበባል። «መፍትሔ አለው?» ብለሃል። አለው። ጨርሼ አውቀዋለሁ። ላንተ ግን አልነግርህም። እንዳንተ ላለ ሰው መፍትሔ መስጠት ለሌባ መብራት መያዝ ነው።

ኅዳር 22 ቀን

እትዬ፣

ወደቅሁ። ደስ ይበልሽ።

እሁድ ነው የሄድኩት። ከዘበኛው በቀር ፋብሪካው ውስጥ ማንም አልነበረም። ወንበሩን ከዕቃ ቤት ሳወጣው «ጌታው፣ ኧረ ይቅርብዎት» አለኝ። «አንተ እጅህን ብቻ ዘርጋልኝ» አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እውነቱን ላውቅ አልነበረም የወጣሁት፤ አንቺን ላሳፍርሽ ነበር።

መውረጃው ላይ ከፍ አልኩ። ዘበኛው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋልኝ። ዘንበል አልኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ ከዚያ ጩኸቱ አልጨመረም። ያችን ቅጽበት ስንት ገጽ ብትጽፊልኝ አልረዳትም ነበር። ከሥርሽ ያለው ነገር ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል፤ አንቺ ግን ገና እየወደቅሽ ነው። ዘበኛው ደንግጦ ደረቴን ደግፎ ሊያቃናኝ ሲል ደግሞ ያ ቂም ያልሽው መጣ። ወንበሩ ከሥሬ ተስፈንጥሮ ወደ ኋላ ወረወረኝ። ስገለበጥ አፌ የብረት መደገፊያውን አገኘው። የፊት ጥርሶቼ እዚያው ቀሩ። አሁን ስናገር አፏጫለሁ። ዘበኛው ጥርሶቼን ለቅሞ በመሐረብ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ከሪፖርቱ ጋር ይያያዙ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ። ከልቡ ይሁን አሽሟጦኝ እስካሁን አላወቅሁም።

ሰኞ ዕለት ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ። ትንሹ ሞተር አይችልም፤ ስሌቱ የሞተሩን ልክ አላስገባም፤ ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ተጠቃሚዋ ያደረገችው ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን ነው። ባለፋብሪካው አነበበና «አንተን ማን መሐንዲስ አደረገህ?» አለኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩት። አሰናበተኝ። ወንበሩንም «ይህን ቁርጥራጭ ብረት ከዓይኔ አርቁልኝ» ብሎ በጭነት መኪና እማዬ ደጃፍ አራገፈው።

ተቆጣጣሪዎቹ እማዬን ሊጠይቋት ቤት ድረስ መጥተው ነበር። እጇን የዘረጋችላት ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አቀርቅራ ትሰማለች። ሽማግሌው ተቆጣጣሪ «እውነት ዘንበል ብለዋል?» አላት። «አዎ፣ ብያለሁ» አለችው። «ሰው እጅ ሲዘረጋልኝ ግንድ መስዬ ልቁም? ሰው ዘንበል ይላል። እኔን ተዉኝና ወንበሩ ያደረገውን ጻፉ።» ጻፉ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ያለፈውን ደብዳቤሽን አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። መፍትሔውን አውቀዋለሁ አልነግርህም ያልሽው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ክንዷ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው፤

«ልጄ ሆይ፣ እሱ ሳያውቅ ጣለኝ። አንቺ እያወቅሽ አስቀምጠሽኛል። የትኛችሁ ትብሳላችሁ?»

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 2 ቀን

ወንድሜ፣

የእማዬ ቃል ደረሰኝ። እኔና አንተ መናናቅ የምናውቅ መስሎን ነበር። ለካ ገና ጀማሪዎች ነን።

ደብዳቤውን ያነበብኩት ክፍል ከመግባቴ በፊት ነው። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ተማሪዎቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ዘወር ብዬ «ዛሬ ትምህርት የለም» ብያቸው ወጣሁ። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ስለ ጥርስህ አዝናለሁ። ይህን ሁለተኛ አልጽፈውም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አትጣለው።

መፍትሔው ይኸው። ሞተሩ በትልቁ ይለወጥ። ግን ትልቁም ልክ አለው፤ ልክ የሌለው የለም። ስለዚህ ሳጥኑ የሞተሩን ልክ ይወቅ። ሞተሩ የአቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳጥኑ ቂም መቋጠሩን ያቁም። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ገና ወደ ጫፉ ሲጠጋ፣ መቀመጫውን ዝቅ ያድርገው፤ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎችም ወርደው መሬት ይያዙ። ቁልቁለት ላይ ከፍ በል ቢሉት እምቢ ይበል፤ አዛዡ ማንም ይሁን ማን። ከማይመለስበት ቦታ የሚመልስ ጥበብ የለም። ያለው ጥበብ እዚያ አለመድረስ ነው። ይህን ብቻዬን ይዤው ተቀምጬ ነበር። እማዬ እንዳለችው አስቀምጫታለሁ።

ከተቋሙ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እመጣለሁ። አሁን በላክሃት ካርድ «መቼ ትደርሻለሽ?» ላልከው፣ በሳምንቱ መጨረሻ። አንተ የጀልባ ጥገና ሥራ ማግኘትህንና ለመጀመር ከዚያ በፊት እንደምትሄድ እዚያችው ላይ ጽፈሃል። ሳንገናኝ ብንተላለፍ ለእማዬ ጆሮ ይሻላል። መሣሪያዎችህን ተውልኝ። የእማዬን ዕቃ ቤት ጥረገው፤ መጥረግ እንኳ ያቅትሃል ብዬ አላምንም።

እህትህ

ጥር 8 ቀን

እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? የእማዬስ ክንድ? ጀሶው ወጣ ስትዪኝ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ሥር ተጋድሜ ነው የምውለው፤ ዝገት ቅንድቤ ላይ ይራገፋል። አለቃዬ ትምህርት አልተማረም፤ ስለዚህ ሲሰድበኝ በቀጥታ ነው። ካንቺ በኋላ ዕረፍት ሆኖልኛል።

ለጥያቄዎችሽ መልስ ይኸው። ቀዩ ገመድ ከቀዩ ጋር ነው የሚገጠመው። ፕሮፌሰር ነሽ መሰለኝ። ብሎኑ «አልጠብቅ አለ» ያልሽው ወደ ግራ እያዞርሽው ስለሆነ ነው። ትልቁ ሞተር ገብቶ የሚንጓጓው ከሥሩ የጎማ ዝርግ ስላላደረግሽበት ነው። የጎማ ዝርግ ከሌለሽ የአሮጌ ጫማ ሶል ቁረጪ። በስሌትሽ ውስጥ የጫማ ሶል አልነበረም አይደል?

ይህን ሁሉ ስትጽፊልኝ የሳቅሁትን መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን ካለፉት ደብዳቤዎችሽ ሁሉ «አልተጠናቀቀም» የምትለዋን ቃል ያጣሁበት የለም። ሞተሩ ገባ፤ አልተጠናቀቀም። ሳጥኑ ተስተካከለ፤ አልተጠናቀቀም። በአሸዋ ከረጢት ፈተንሽው፣ አልወደቀም፤ አሁንም አልተጠናቀቀም! እማዬ በአስታማሚዋ እጅ «እህትህ ወንበሩን እንደ ሙሽራ ሸፍናዋለች» ብላ አስጽፋልኛለች።

ምን እንደሆንሽ ልንገርሽ? ፈርተሻል። ጥቁር ሰሌዳሽ ጎማ አወጣና ፈራሽው። እኔን መውረጃ ላይ ውጣ ስትዪኝ አንድ መስመር ነበር የፈጀብሽ። ያንቺን ጥርስ ለማን ነው የምታስቀምጪው?

ወንድምሽ

ጥር 21 ቀን

ወንድሜ፣

ፈርተሻል ላልከው፣ አዎ፣ ፈርቻለሁ። ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ሽፋኑን ሁለቴ ገልጬ መልሼ ሸፈንኩት፤ በሦስተኛው ነው የተቀመጥኩበት። ይህን ለማንም ብትናገር እክዳለሁ።

ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ጫፉ ሜዳ በሆነበት ላይ ከፍ አልኩና ወደ ቁልቁለቱ ነዳሁት። አስታማሚዋ ታች ሆና እጇን ዘረጋችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዘንበል አልኩ። ሞተሩ አቃሰተ። ከዚያ ወንበሩ፣ ሳልጠይቀው፣ እያባበለ ዝቅ አደረገኝ፤ ትንንሾቹ ጎማዎች መሬት ነክተው ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ ከአስታማሚዋ ሆድ ጋር ተፋጥጫለሁ። እማዬ በመስኮት እያየች ነበርና «ፊትሽ ኖራ መሰለ!» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ወዲያው «ተነሺልኝ» አለችኝ፤ ተነሳሁላት። መንገዱን ይዛ እስከ ማዕዘኑ ሄደች። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ እንደማያገባኝ ሰው። ማዕዘኑ ላይ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ያ ዘመኑን ሙሉ ሲከራከራት የኖረው፣ አገኛትና ቆመው ክርክራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። መሐል ላይ እሱን ልትከተል ወደ ቁልቁለቱ ስትዞር ወንበሩ ዝቅ አደረጋት። ተመልሳ ስትመጣ እሳት ጎርሳ ነበር።

«በሰው ፊት አዋረደኝ! ይህ ወንበር ፈሪ ነው።»

«ፈሪ አይደለም። ልኩን ያውቃል።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ፈሪ ቢሆን ከቤትም አይወጣም ነበር፤ እማዬ።»

«ይህን ቀድመሽ ያሰብሽው ነው» አለችኝ። አዎ፣ ቀድሜ ያሰብኩት ነው። ግን ዝቅ ማድረጉን አጥፊልኝ ብላ እስካሁን ትሟገተኛለች፤ አላጠፋም።

ያቺ እጇን የዘረጋችው ተቆጣጣሪ ትናንት መጥታ ነበር። ሁሉን አየች፤ ጠየቀች፤ ራሷም ተቀምጣ ዘንበል አለችበት። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ ሌላ ወንበር እንሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ታናሽ ወንድሟ ከአልጋ አይወርድም። እኔ ብቻዬን አልችልም አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ብሎን ከማጥበቅ ይከብዳል። አንተ ልክህን አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ግራና ቀኝ አላውቅም። ስለዚህ ከጀልባህ ሥር ወጥተህ ና። ጥርስህን ሳታስተክል እንዳትመጣ፤ እማዬ ፊት እያፏጨህ ብትናገር ከክፍል ታስወጣሃለች። ዕቃ ቤቱን ደግሞ አልጠረግኸውም ነበር፤ ማዕዘን ማዕዘኑን ነው የተውከው፤ አይቼዋለሁ።

ሌላም የምጽፍልህ ነበር፤ ፖስታ ቤት ሊዘጋ ነው። ደብዳቤውን ይዛ የምትሄደው እማዬ ናት። «ማንም አይከተለኝ» ብላለች። ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በሩን ሞልታ ትጠብቀኛለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለወንድምሽ መጽሐፍ ነው የምትጽፊለት? ስጪኝና ልሂድበት!» ትለኛለች።

ቆማ ነው እንዲህ የምትለኝ።

እህትህ